የሐጂ ይማም በርሜል የውጭ አገር ጉዞ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጋዜጠኛ ነኝ ብሎ የተቀመጠ ሰው ዜና ብቻ ሠርቶ አይውልም። መብራት ሲጠፋ ለምን እንደጠፋ ይጠየቃል፤ ሲመጣም ለምን እንደመጣ ይጠየቃል። ሽንኩርት ሲረክስ መቼ እንደሚወደድ፣ ሲወደድ ማን እንዳስወደደው፣ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ለምን ቀለሙን እንደቀየረ ሁሉ ማወቅ አለበት። አላውቅም ብል የሚያምነኝ የለም። ያውቃል፣ እንዳይናገር ታዝዞ ነው ብለው አዝነውልኝ ይሄዳሉ።

እኔ ደግሞ በዚህ ሥራ ፀጉሬ እስኪሸብት ስቆይ ለራሴ አንድ ደንብ አበጅቻለሁ። ያላጣራሁትን አልናገርም፤ ያጣራሁትን ግን አንዲት ነጥብ ሳልቀንስ እናገራለሁ። የደንቡ ሁለተኛ ግማሽ አደገኛ መሆኑን ያወቅሁት ባለፈው ኅዳር ነው። ባልተጣራ ወሬ የተሸበረ ሰፈር ብዙ አይቻለሁ፤ ዘግቤያለሁም። እውነቱ ከነሙሉ ዝርዝሩ ተነግሮት የተሸበረ ሰፈር ያየሁት ግን የራሴን ብቻ ነው። የነገርኩትም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከአከራዬ ከሐጂ ይማም ነው። ሐጂ የማሾ ነጋዴ ናቸው። ማሾ ለማያውቃት፣ ከአተር የምታንስ፣ አረንጓዴ፣ የእኛ ቆላ የሚወዳት ጥራጥሬ ናት። እኛ ግን እምብዛም አንወዳትም። ባሕር ማዶ የሚበሏት ሰዎች እንዳሉ ሰምተን እየዘራን እንልክላቸዋለን፤ ምን እንደሚያደርጓት ጠይቀን አናውቅም። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዙሪያችን ከቀወት ወረዳ ገበሬ ማሾ ገዝተው ለደላላ ሲሰጡ፣ ደላላው ለሌላ ደላላ ሲያሳልፍ ኖረዋል። በዚያ ዓመት ግን አንድ የአዲስ አበባ ላኪ በቀጥታ ከእጃቸው ሊረከብ ተስማማ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው። ማሾው በንጹሕ ቦታ ተሰብስቦ ይቆይ፤ የጥራት ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ተቆጣጣሪው ካልወደደው መኪናው ባዶውን ይመለሳል።

ሐጂ በዚህ ተማምነው የቀወትን መንደሮች ዞሩ። ማሾህን ለሌላ እንዳትሰጥ፣ የምረከብህ እኔ ነኝ እያሉ ለገበሬው ሁሉ ቃል ሰጡ። ገበሬውም ሐጂ ካሉማ ብሎ የመጣበትን ነጋዴ ሁሉ በባዶ ሸኘ። ስለዚህ መኪናው ባዶውን ቢመለስ የሚበላሸው አንድ ሽያጭ ብቻ አልነበረም፤ የሐጂ ቃል ነበር። ሐጂ ከቃላቸው ሌላ ይኼ ነው የሚባል ንብረት የላቸውም። ለዚህ እኔ የተከራየሁት ቤት ጣሪያ ምስክር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ በተለይ።

ለማሾው ማስቀመጫ ከመስጊዱ አጠገብ ያለውን የቆርቆሮ መጋዘን ተከራዩ። ድሮ የአንድ ማኅበር ነበር፤ ማኅበሩ ከፈረሰ በኋላ የድመትና የሸረሪት ሆኖ ቆይቷል። ሲያስጠርጉት ከአሮጌ ጆንያ ክምር ጀርባ አንድ በርሜል ብቅ አለ። ዝገት የበላው፣ የተለጠፈበት ወረቀት ተልጦ የራስ ቅል ሥዕል ብቻ የቀረበት፣ ከሥሩ ጥቁር ነገር ያንጠባጠበ በርሜል።

መጀመሪያ ሁሉም ደስ አለው። እኛ ሰፈር በርሜል ተገኘ ሲባል ደስ የማይለው ሰው የለም። ውኃ ይያዝበታል፤ እህል ይከተትበታል፤ ለሁለት ከተሰነጠቀ ለሠርግ ሥጋ መጥበሻ ይሆናል። ሽታው ደጅ ሳይደርስ፣ አጥበን እንጠቀምበታለን ብለው ተራ የያዙ ጎረቤቶች ነበሩ። ሽታው ደጅ ሲደርስ ሰልፉ በራሱ ጊዜ ተበተነ።

ከወረዳው የእፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ተጠራች። ብርቱካን ትባላለች። ወጣት ናት፤ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ስለዚህ ሰው ይፈራታል። በሩ ላይ ቆማ በሩቁ አየችውና ሁላችንንም ወደ ኋላ አስወጣችን። የግሪሳ ወፍ መርዝ ነው አለች። ማሽላችንን መንጋ እየሆነ የሚወርረው ወፍ ላይ እንዲረጭ ድሮ የመጣ፣ ጊዜው አልፎበት ተረስቶ የቀረ። አይነካም። አይገፋም። አይቀበርም፤ ወደ ጉድጓድ ውኃችን ይሰርጋል። ሮቢ ወንዝ አይደፋም። እዚህ አይቃጠልም፤ ጭሱ ከራሱ ይብሳል። እህል ደግሞ ከእርሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አያድርም። ይህን ብላ በሩን ቆለፈችና በላዩ ላይ ወረቀት ለጠፈችበት።

ሐጂ ታዲያ ምን ሊሆን ነው ሲሉ ጠየቋት። ወደ ውጭ አገር ተልኮ በልዩ ምድጃ እንደሚቃጠል፣ እዚህ አገር እንደዚያ ያለ ምድጃ እንደሌለን ነገረቻቸው። የሐጂ ፊት በራ።

«ወደ ውጭ ከሆነማ አብሽሪ ልጄ፤» አሉ። «ማሾውም ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። መኪናው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ወደቡ አንድ። ከኋላ ጥግ አስይዘን ጅቡቲ እናደርሰዋለን።»

ብርቱካን የቆለፈችውን በር እንደገና ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ የሕጉን ነገር አጣርቼ እንዳስረዳቸው ለመነችኝና ቁልፉን ይዛ ሄደች። ልመናው ለእኔ መሆኑ አኩራራኝ። ሌላ ሰው ቢሆን፣ «ሐጂ፣ አይሆንም» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። እኔ ግን አጣራሁ።

ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። የማውቃቸውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች አንድ በአንድ ደወልኩላቸው፤ አገራችን የፈረመቻቸውን ስምምነቶች አነበብኩ፤ ያልገባኝን መልሼ ጠየቅሁ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሐጂ ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር የሰፈሩ ትላልቅ ሰዎች ተሰብስበው ጠበቁኝ። ከሐጂ ጎን ጋሼ ተፈራ ተቀምጠዋል። ጋሼ ተፈራ በወጣትነታቸው እስከ አሰብ፣ በኋላም እስከ ጅቡቲ ከባድ መኪና የነዱ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። የዓለም ድንበር ሁሉ ከዘበኛው ጋር ሻይ ጠጥቶ የሚታለፍ ይመስላቸዋል።

ያጣራሁትን ዘረገፍኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከአገር የሚወጣው የእኛ መንግሥት የሚመለከተው ባለሥልጣን ለተቀባዩ አገር አስቀድሞ ሲያስታውቅ ነው፤ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ፣ የት እንደሚቃጠል ተዘርዝሮ። ተቀባዩ አገር በጽሑፍ እሺ ማለት አለበት። በመንገድ ላይ የሚያልፍባቸው አገሮችም አስቀድሞ ተነግሯቸው እሺ ማለት አለባቸው። የሚያቃጥለው ድርጅት ውል ይገባል። በርሜሉ እንዲህ ዝጎ አይሄድም፤ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ መያዣ ይታሸጋል፤ ምን እንደሆነ ተጽፎ ይለጠፍበታል። ለሚደርሰው ጉዳት ዋስትና ይያዝለታል። ከተነሳበት ቦታ ጀምሮ እስኪቃጠል ድረስ ሰነዱ አብሮት ይጓዛል፤ የተረከበው ሁሉ ይፈርማል። መንገድ ላይ ነገሩ ከተበላሸ ላኪው መልሶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ዋናው ደግሞ ይኼ ነው፤ ያላወቀ ሰው የሚሰጠው እሺታ አይቆጠርም። መጀመሪያ እውነቱ ይነገራል፤ ከዚያ ፈቃድ ይጠየቃል።

ጋሼ ተፈራ በእርሳቸው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልነበረ ተናገሩ። ነበር እኮ፤ እርሳቸው ሻይ እየጠጡ ስለነበር አላዩትም። ሐጂ ግን ጢማቸውን እየዳሰሱ ሲያስቡ ቆዩና ፈገግ አሉ።

«ይኼማ ሽምግልና ነው፤» አሉ። «ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ቤተሰቧ ይጠየቃል። ጠባይዋ አይደበቅም። ዋስ ይጠራል። ካልተስማማት ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ፈረንጅ ከእኛ ነው የተማረው ወላሂ።»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም። ሐጂ ወዲያው፣ ሰነዱ አብሮት የሚሄደው ከወደቡ ነው ወይስ ከሚነሳበት ደጅ ብለው ጠየቁኝ። ከሚነሳበት ደጅ ነው አልኩ፤ እውነቱ ይኼው ነውና። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ ከአዲስ አበባ አለቃዬ ነበር። እርሱን አነጋግሬ ስመለስ ማንጎው ሥር ማንም የለም። ያለፈበት ሁሉ እሺ ማለት ካለበት፣ መንገዱም ከደጅ ከጀመረ፣ ፈቃድ የሚጠየቁት በመጀመሪያ ከመጋዘኑ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያሉት ጎረቤቶች ናቸው ተብሎ ተወስኗል። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሊነሱ ቤታቸው ገብተዋል።

ሮጬ ደርሼ ሕጉ ስለ አገሮች እንጂ ስለ ቤቶች እንደማያወራ አስረዳሁ። ይህን ማስተካከያ የሰማኝ የለም። ማስተካከያ በጋዜጣም ቢሆን ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል ነው የሚወጣው፤ ማንም አያነበውም። ሐጂ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ አገር የሚጀምረው ከጎረቤት እንደሆነ ነግረውኝ፣ እኔም መርዙ ምን እንደሚያደርግ በትክክል የማውቅ ሰው ስለሆንኩ አብሬያቸው እንድሄድ አዘዙኝ።

የመጀመሪያው ቤት የልብስ ሰፊው ቤት ነበር። ልብስ ሰፊው ኮሌጅ የጨረሰች ልጅ አለችው። ሚስቱ በመስኮት ሐጂንና ጋሼ ተፈራን በነጭ ጋቢ፣ እኔንም ፀጉሬን አበጥሬ ከኋላቸው ስታይ ምን እንዳሰበች መገመት አይከብድም። ቤቱ በአንዴ ተጠረገ፤ ልጅቱ ወደ ጓዳ ተላከች፤ ለስላሳ ተገዛ። ሽማግሌዎቹም እንደ ደንቡ ቆመው ቀሩ፤ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም አሉ። እናትዮዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ለመሆኑ ከማን ቤት መጣችሁ ብላ ጠየቀች።

«ከመጋዘኑ ነው፤» አሉ ሐጂ። «አንድ በርሜል መርዝ አለን። በደጃችሁ እንዲያልፍ ፈቃዳችሁን ልንለምን ነው።»

የሴትየዋን ፊት አልገልጸውም። ልጅቱ ከጓዳ ስትስቅ ተሰማች። አባትየው ግን ደንብ አክባሪ ሰው ነውና፣ ሽማግሌ እንዴት በባዶ ይመለሳል ብሎ እሺ አለ። የእኔ ተራ ደረሰ። እሺታው አውቆ የተሰጠ እንዲሆን መርዙ በትንፋሽም በቆዳም እንደሚገባ፣ ዓይን እንደሚያደበዝዝ፣ እጅ እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ብዙ ከሆነ እንደሚገድል አስረዳሁ። እሺታው ተነሳ። ለስላሳውም ሳይከፈት ተመለሰ።

በቀጣዮቹ ቤቶች እሺ የተባለው እኔ አፌን እስክከፍት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅድመ ሁኔታ ይከተላል። መስጊዱ ዘንድ ያሉት በሶላት ሰዓት እንዳይሆን አሉ። ማዶ ያሉት ክርስቲያኖች ኅዳር ሚካኤል እስኪያልፍ ይቆይ አሉ። የባጃጅ ተራ ሰዎች ባጃጅ ላይ እስካልተጫነ ግድ እንደሌላቸው ተናገሩና፣ የግድ ባጃጅ ላይ ቢጫን ግን ተራው የማን እንደሚሆን ተከራከሩ፤ ሽማግሌዎቹ እርሱንም አስታርቀው ወጡ። ፍየሎች ወደ ዘመድ ቤት ተሰደዱ። ዶሮዎች ቅርጫት ተደፋባቸው። ራሱን የሚያመው ሰው በዛ። የአንዷ ጎረቤት ፓፓያ ከዛፉ ሳይበስል ወደቀና መንስኤውን እንዳጣራላት ጠራችኝ። አለቃዬም ደውሎ፣ ሸዋ ሮቢት ነዋሪዎቿን ልታስወጣ ነው የሚል ነገር ሰምቻለሁ፣ እዚያው ተቀምጠህ እንዴት አንተ አልጻፍክም ሲል ወቀሰኝ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ደግሞ ሌላ ሐሳብ ተወለደ። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ የቤቱን ቆሻሻ ደጁ ላይ አውጥቶ ያቃጥላል፤ ከተማው በጭስ ይታጠናል። ከባጃጅ ተራ አንዱ፣ አገር ምድሩ ቆሻሻ በሚያቃጥልበት ቀን ለአንድ በርሜል ፈረንጅ አገር ድረስ መሄድ ምን ይሉታል ብሎ ጠየቀ። ብርቱካን ይህን ሰማች። ያን ቀን ሙሉ ጃንጥላ ይዛ በመጋዘኑ በር ላይ ወንበር አስቀምጣ ዋለች። ማንንም አልተቆጣችም። ክብሪት ይዞ በአጠገቧ ያለፈውን ሁሉ በስሙ እየጠራች ሰላምታ ሰጠችው፤ የተጠራው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ጋሼ ተፈራም የበኩላቸውን ሞከሩ። የቆላው ሙቀት ነው ነገሩን ያከፋው፣ ደጋው ጣርማ በር ላይ ብናደርሰው በብርዱ ይረጋል ብለው እዚያ ላለ የወንድማቸው ልጅ ደወሉ። ለተቀባዩ ሁሉም ነገር ይነገር በተባለው መሠረት ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ፤ እኔም ነገርኩት። ልጁ በትህትና አዳመጠኝ። ከዚያ፣ እኛ ጉሙ ይበቃናል፣ ከቆላችሁ ሙዝ ላኩልን እንጂ መርዝ አልጠየቅናችሁም ብሎ ዘጋው። ተቀባዩ እምቢ ማለቱን በደንቡ መሠረት ለሽማግሌዎቹ አሳወቅሁ።

በዚህ መሐል ማሾው መጣ።

በአህያ፣ በጋሪ፣ በአይሱዙ መጣ። የቀወት ገበሬዎች በተባለው ቀን የተባለውን ይዘው መጋዘኑ ፊት ደረሱ። በሩ ላይ የብርቱካን ቁልፍና የብርቱካን ወረቀት አለ። ሐጂ ሌላ ቦታ ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም፤ የከተማው መጋዘን ሁሉ በሽንኩርትና በማዳበሪያ ተይዟል፤ የቀረውም ጣሪያው ከእኔ ቤት ይብሳል። ተቆጣጣሪው ደግሞ በማግስቱ እንደሚደርስ ከአዲስ አበባ ተደውሏል። ከመንገዱ ማዶ ከገበሬው በባዶ ከተመለሱት ነጋዴዎች አንዱ ሚዛኑን ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። አልጠራንም፤ አልተናገረንም። ሚዛኑ ብቻ በነፋስ ትወዛወዛለች።

ሐጂ አንዱ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ሐጂን ሲስቁ፣ ሲቆጡ፣ ሲከራከሩ አውቃቸዋለሁ፤ ዝም ሲሉ ግን አይቼ አላውቅም። አንድ ሽበታም ገበሬ ከአህያው ጀርባ ወጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ሐጂ፣ ካልሆነልዎ እንመልሰዋለን፤» አለ ቀስ ብሎ። «ቅር አይለንም። አላህ ያላለው ነው።»

ስድብ ቢሆን ይሻላቸው ነበር። ሐጂ ቀና ብለው አዩትና፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ መልስ እሰጣችኋለሁ ብለው ተነሱ። ሳትጠየቅ የቀረችው አንዲት ቤት ብቻ ናት። እርሷም እሺ ካለች በርሜሉን ብርቱካን ቢያንስ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ባዶ ግቢ ታሳልፍልናለች የሚል ተስፋ ነበራቸው። ብርቱካን እንዲህ አላለችም፤ ይህን ለሐጂ ነግሬያቸው ነበር። ተስፋ ያደረገ ሰው ግን ማስተካከያ አያነብም።

የመጨረሻዋ ቤት የእትዬ ዘነበች ናት። እትዬ ዘነበች አስፋልቱ ዳር ማንጎና ፓፓያ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንደበታቸው ሹፌር የሚያስቆም ሴት ናቸው። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆሙ። ሐጂ ንግግራቸውን ጀመሩ። እኔም ለዝርዝሩ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አንተ ዝም በል፤» አሉኝ እትዬ ዘነበች። «የአንተን ሰምተን ሰፈሩ ሁሉ እንቅልፍ አጥቷል። ሐጂ፣ መርዙን አላሳልፍም። እዚያው ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ልጅቱ እንዳለችው። ማሾውን ግን ምን ሆናችሁ ነው ፀሐይ ላይ የምታሰጡት? የእኔ ሳሎን ባዶ አይደለም ወይ?»

ሐጂ ዞረው ወደ መጋዘኑ አቅጣጫ አዩ። እንዲያው በየቤቱ ስንዞር፣ በየደጁ ቆመን አንቀመጥም ስንል፣ መርዙን በየት እናውጣው እንጂ ማሾውን የት እናግባው ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። ሕጉን እስከ ባሕር ማዶ ያጣራሁት እኔም አላሰብኩትም።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወጡና በመጣንበት መንገድ መልሰው ይዘውን ሄዱ። በየደጁ ቆም እያሉ ሁለት ቃል ብቻ ይናገራሉ። ሰፈሩ ያን ሁሉ ቀን በሽማግሌ ሲለመን የኖረው መርዝ እንዲያሳልፍ ነው። አሁን ጥራጥሬ አሳድሩ ሲባል ከደስታ ብዛት ተሻማ። የልብስ ሰፊው ሚስት፣ የእኔ ቤት ከሁሉም ቀድሞ ተለምኗል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የእኔ ይሞላ ብላ ተከራከረች፤ ተፈረደላትም።

እኔ ግን አንድ ነገር አጣርቼ ነበር። ተቆጣጣሪ እህል የተቀመጠበትን ሲያይ ከመሬት ከፍ ማለቱንና ከግድግዳ መራቁን እንደሚያይ አውቅ ነበር። ተናገርኩ። ምን እንደተከተለ ገምቱ። ጣውላ ያለው ሰው የለም፤ አልጋ ያለው ግን ሁሉም ነው። በየቤቱ አልጋ ከግድግዳ ተነስቶ መሐል ቤት ቆመ፤ ፍራሽ መሬት ወረደ፤ ማሾ አልጋ ላይ ወጣች። እትዬ ዘነበች የሟች ባላቸውን አልጋ በጥልፍ አንሶላ አልብሰው ጆንያዎቹን ደረደሩበት፤ ሟቹ እንኳ በሕይወት እያሉ በዚያ አንሶላ ላይ በጫማ አልወጡም ሲሉ ለጎረቤት ተናገሩ።

ብርቱካን ደግሞ በየቤቱ ገባች። አልጋ በተነሳበት ሁሉ ጎንበስ ብላ የአልጋውን ሥር አየች። እንዲህ ስታደርግ ነው ከየአልጋው ሥር የሽንኩርት ፀረ ተባይ የወጣው። ከፊሉ በጠርሙስ፣ ከፊሉ በጀሪካን፣ አንዱማ በዘይት ዕቃ። በደጃችን አንድ በርሜል መርዝ አናሳልፍም ብሎ ፍየሉን ያሰደደ ሰው ሁሉ መርዝ ላይ ተኝቶ ኖሯል። ልብስ ሰፊው አፍሮ፣ ይኼ መድኃኒት እንጂ መርዝ አይደለም አለ። ብርቱካን ሥዕሉን አሳየችው፤ ያው የራስ ቅል ነው። ከዚያ የእኔን ቤት አንኳኳች። ከአልጋዬ ሥር የቢንቢ መርጫዬን አወጣች፤ እርሱን ገዝቼ ማብራሪያውን አንብቤ አላውቅም ነበር። ዘርዝረው ያስረዱኝ ብላ ፊት ለፊቴ ያዘችው። የሰፈሩ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቦ ነበር፤ ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። የሰበሰበችውን ሁሉ በጓንት እየያዘች መጋዘኑ ውስጥ ከበርሜሉ ራቅ አድርጋ ቆለፈችበት። በርሜሉ ጎረቤት አገኘ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጋዘኑ ፊት አንድም ጆንያ አልቀረም። ማዶ የነበረው ነጋዴ ሚዛኑን ከዛፉ አውርዶ ሄደ።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው መጣ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሐጂ እውነቱን አልደበቁትም፤ በርሜሉን፣ ቁልፉን፣ ሰፈሩ ያደረገውን ሁሉ ነገሩት። ተቆጣጣሪው በሥራው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት እንደማያውቅ ተናገረና፣ ሁሉንም ቤት ካላየሁ አልፈርምም አለ። ሐጂም የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

ጆንያ መውጊያ ብረቱን ይዞ በመጀመሪያው ቤት ገባ። ወጋ፣ ማሾዋን መዳፉ ላይ አፍስሶ አየ፣ አሸተተ፣ ጻፈ፣ ሊወጣ ሲል ሳህን ቀረበለት። ሥራ ላይ ነኝ አለ። እኛ ሰፈር እንግዳ አልጋ ከያዘበት ቤት ሳይቀምስ አይወጣም፤ አልጋውን የያዘው ደግሞ የእርሱ ማሾ ነው ተባለ። ቀመሰ። በሁለተኛውም ቀመሰ። እስከ እኩለ መንገድ ድረስ ለአልጋው ጎንበስ የሚለው ሰው፣ ከዚያ በኋላ ቆሞ መውጋት ጀመረ። ሁለት ቤት ላይ ወንበር ተደረገለት። ቁልቁል ስንወርድ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ሲያላላ አይቼዋለሁ፤ ይህን ያጣራሁት በዓይኔ ነው። እየደጋገመ የሚፈልገው የሻጋታ ሽታ፣ የነቀዝ ምልክት፣ የኬሚካል ሽታ ነበር፤ አላገኘም። የተገኘው ብቸኛ ጥፋት አንድ ቤት ውስጥ ድመት ጆንያ ላይ ተኝታ መገኘቷ ነው፤ እርሱም በቃል ማስጠንቀቂያ ታለፈ።

እትዬ ዘነበች ቤት ስንደርስ ተቆጣጣሪው ራሱ ሳይጠየቅ ተቀመጠ። ገበሬዎቹ አህያቸውን ይዘው አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ተቆጣጣሪው የመጨረሻዋን ማሾ መዳፉ ላይ ገለባበጣት፤ መነጽሩን አውልቆ አየ፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

ማሾው ደህና ነው አለ። ከዚህ የጠራ ዘንድሮ አላየሁም አለ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ግንባራቸውን ያዙ። ሽበታሙ ገበሬ ከውጭ ሰምቶ የአህያውን ጀርባ መታ መታ አደረገ፤ ሌላ ምንም አላለም።

ተቆጣጣሪው ግን ብዕሩን አንስቶ ቆመ። የመጋዘኑ ስፋት የሚል ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ባዶ ከተተወ አዲስ አበባ አይቀበሉኝም አለ። ሁላችንም ተያየን። እኔ እንኳ ያላጣራሁት ነገር ነበር። ሐጂ ወደ ውጭ ወጡ፤ ወደ ላይ ወደ መስጊዱ፣ ወደ ታች ወደ አስፋልቱ አዩና ተመለሱ።

«ርዝመቱን ከመስጊዱ እስከ አስፋልቱ ብለህ ጻፍ፤» አሉ። «ከመሬት የሚርቀው ደግሞ አንድ አልጋ ነው።»

ሰውየው ጎንበስ ለማለት ትንሽ ተቸገረ፤ ከዚያ እንዳለ ጻፈው።